ወደ «የቶኪዮ ታሪክ» የሚወስደው መንገድ፦ የ1950ዎቹን ፊልሞች ከየት ጀምሮ እንዴት ማየት ይቻላል

«የቶኪዮ ታሪክ»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ስከፍት ሃያኛው ደቂቃ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ጃፓናዊው ያሱጂሮ ኦዙ በ1953 የሠራው፣ ስለ ሲኒማ የሚጽፉ ሰዎች ሁሌም ከታላላቆቹ ተርታ የሚጠሩት ፊልም ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ፊልም እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ሲያልቅ መብራት ለማብራት እንኳ መነሳት አልፈለግሁም። ፊልሙ ያው ነው። በመሃል ግን የዚያኑ ዘመን ሌሎች ፊልሞች አንድ በአንድ አይቼ ዓይኔ ለምዶ ነበር። የድሮ ፊልም ሞክረው «በጣም ይንቀረፈፋል» ብለው የተዉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ እንደ እኔ መጨረሻ መታየት ካለበት የጀመሩ ናቸው። ስለዚህ እኔን የጠቀመኝን ቅደም ተከተል፣ በየፊልሙም ምን ላይ ዓይን ማሳረፍ እንደሚበጅ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1950ዎቹን የመረጥኩት በምክንያት ነው። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ድምፅ አልባ ፊልም እየሠሩ ያደጉ ሰዎች ገና ሥራ ላይ ነበሩ። ኦዙም እንግሊዛዊው ሂችኮክም የጀመሩት በ1920ዎቹ፣ ተዋናይ ሳይናገር ታሪክ መንገር ግዴታ በነበረበት ጊዜ ነው። በዚያው አሥር ዓመት ደግሞ እንደ ሕንዳዊው ሳትያጂት ሬይና ፈረንሳዊው ፍራንሷ ትሩፎ ያሉ አዳዲስ ሰዎች ካሜራቸውን ይዘው ከስቱዲዮ ወጡ። የቀድሞዎቹ የምስል ችሎታና የአዲሶቹ ድፍረት ጎን ለጎን የሚታይበት ጊዜ ነው፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

ምክሬ ሁሉ ከየት እንደመጣም ማወቅ አለባችሁ። እነዚህን ፊልሞች ያየኋቸው ቅዳሜ ማታ ከአባቴ ጋር ነው። አባባ ጡረታ ከወጡ በኋላ ዓይናቸው ደከመ፤ ምስሉን ያያሉ፣ ከታች የሚያልፈውን ሰብታይትል ግን ማንበብ አይችሉም። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ጽሑፉን እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። እንዲህ ሲደረግ አንድ ነገር ቶሎ ይገባል፤ አንዳንዱ ፊልም ትንፋሽ ያሳጥራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ለረጅም ደቂቃ የምትናገሩትን ያሳጣችኋል፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው ግን ሁሉን ተረድቷል። ሰብታይትል ማንበብ የማይችል ወይም የማይወድ ሰው በቤታችሁ ካለ እሱን ይዛችሁ ተቀመጡ። ፊልም የማየት ትምህርት ለእኔ የተጀመረው እዚያ ነው።

አስቀድሞ ቴሌቪዥኑን ማስተካከል ያስፈልጋል። የዚያ ዘመን ፊልም የተቀረጸው በሰከንድ 24 ምስል ነው። የአሁን ቴሌቪዥኖች በምስሎቹ መሃል የራሳቸውን ምስል እየጨመሩ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሱበት ቅንብር አላቸው፤ ብዙ ጊዜም ከፋብሪካ ሲወጡ በርቶ ነው የሚመጣው። ስሙ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ በምስል ቅንብሮች ውስጥ ፈልጉና አጥፉት። ካልጠፋ የተዋናዩ ፊት ፕላስቲክ ይመስላል፣ እርምጃውም እንደሚንሸራተት ሰው ይሆናል። ቀጥሎ የምስሉን ቅርጽ እዩ። እስከ 1953 አካባቢ አብዛኛው ፊልም ወርዱ የቁመቱን 1.37 እጥፍ ብቻ ነበር። በሰፊው የዛሬ ስክሪን ላይ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ቢታያችሁ ትክክሉ እሱ ነው። ስክሪኑን ልሙላ ብላችሁ ምስሉን አትለጥጡት፤ ወይ ሰዎቹ ይወፍራሉ፣ ወይ ግንባርና አገጫቸው ይቆረጣል። ኋላ ቀለም የተቀባውን ቅጂ እለፉት። በሌላ ቋንቋ ድምፅ የተተካበትንም እንዲሁ፤ ቋንቋው ባይገባችሁም የተዋናዩ ድምፅ ግማሽ ሥራው ነው።

የፊልሙን ርዝመትም አጣሩ። የአኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» (1954) ሙሉው 207 ደቂቃ ነው፤ ወደ ውጭ አገር ሲላክ ግን ተቆርጦ አጥሯል። እኔ መጀመሪያ ገዝቼ ያየሁት ዲቪዲ የተቆረጠው ነበር። የሰባቱን ሰዎች ጠባይ በወጉ ሳልለይ ውጊያው መጣ፤ ማን እንደሞተ እንኳ አላወቅኩም። ሙሉውን ሳገኝ ግን የእያንዳንዳቸው ሞት እንደማውቀው ሰው ሞት ከበደኝ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ፊልም። በሲድኒ ሉሜት «12ቱ ቁጡ ሰዎች» (1957) ጀምሩ። ለሲኒማ የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ ነው፤ ርዝመቱ 96 ደቂቃ። ከጥቂት ደቂቃዎች በስተቀር ሁሉም ነገር የሚሆነው በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በአንድ ወበቃማ ቀን ነው። አባቱን ገድሏል የተባለ ወጣት አለ፤ ጥፋተኛ ከተባለ ሞት ይጠብቀዋል። ለፍርድ የተመረጡ 12 ተራ ሰዎች በአንድ ድምፅ መወሰን አለባቸው። መጀመሪያ ድምፅ ሲሰጡ 11ዱ ጥፋተኛ ነው ይላሉ፤ ሄንሪ ፎንዳ የሚጫወተው ሰውዬ ብቻ እስቲ እንነጋገርበት ይላል። ይህን ፊልም አይቶ «ተንቀረፈፈብኝ» ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ለጀማሪ የሰጠሁት ለዚህ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ተኩስ የሌለው፣ ከክፍል የማይወጣ፣ ግን አንገት የሚያስመዝዝ።

ሁለት ነገሮችን ከቅርብ ተመልከቱ። አንደኛው መነጽር ያደረገው፣ ኮቱን የማያወልቀው ሰው ነው። ሌሎቹ ሸሚዛቸው በላብ ርሶ ሳለ እሱ አያልበውም፤ ሲጠየቅም ጭራሽ አያልበኝም ይላል። ኋላ ፎንዳ ከጥቂት ቀናት በፊት ያየውን ፊልም ርዕስ ይጠይቀዋል። ሰውዬው የሚያስታውስ ይመስለዋል፤ ይሳሳታል። ያኔ ግንባሩ ላይ ላብ ይታያል፣ በመሐረብም ይጠርገዋል። ስለዚያች ላብ ማንም ምንም አይናገርም። አባባ ግን እጄን ያዝ አድርገው «አላበው» አሉኝ። ሁለተኛው ግድግዳው ላይ ያለው ቬንትሌተር ነው፤ መቼ እንደማይሠራ፣ መቼ እንደሚሠራ ልብ በሉ።

በማግስቱ ደግሞ ድምፁን አጥፍታችሁ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎችና የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ብቻ እዩ። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ከሰዎቹ ዓይን ከፍ ብሎ ወደ ታች ያያል፤ ክፍሉ ሰፊ ነው። መሃል ላይ ወደ ዓይናቸው ትክክል ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ከዓይናቸው ዝቅ ብሎ ወደ ላይ ስለሚያይ ጣሪያው መታየት ይጀምራል። ሉሜትና የካሜራ ባለሙያው ቦሪስ ካውፍማን ሌንሱንም እያስረዘሙ፣ ማለትም ሩቁን ይበልጥ በሚያቀርብ እየቀየሩ ስለሄዱ ግድግዳው ወደ ሰዎቹ የተጠጋ ይመስላል። ፊልሙን ስታዩ ደረታችሁን የጨነቃችሁ ለምን እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል። እነዚህ ሃያ ደቂቃዎች ብዙ መጽሐፍ ከማንበብ በላይ ጠቅመውኛል። አንድ ችግር አለው፤ ጮክ ብሎ ለሚተረጉም ሰው ከባድ ነው። አባባ «ይህን ያለው ማን ነው?» እያሉ ሲያስቆሙኝ ለሰዎቹ በተቀመጡበት ወንበር ቁጥር መጥራት ጀመርኩ፤ ፊልሙም በስማቸው ሳይሆን በቁጥራቸው ነው የሚያውቃቸው።

ሁለተኛው የአልፍሬድ ሂችኮክ «የኋላ መስኮት» (1954) ነው። እግሩ ተሰብሮ በጄሶ የታሰረ ፎቶግራፍ አንሺ በመስኮቱ ጎረቤቶቹን ያያል፤ አንደኛው ሚስቱን ሳይገድል አልቀረም ብሎ ይጠረጥራል። ግቢው፣ ሕንጻዎቹና የየቤቱ መስኮት በሙሉ በስቱዲዮ ውስጥ የተገነቡ ናቸው። እዚህ ፊልም ላይ የማስጠነቅቃችሁ ስለ መክፈቻው ነው። ካሜራው ግቢውን ዞሮ ወደ ክፍሉ ይገባል፤ የሚያልበው ሰው፣ በጄሶ የታሰረ እግር፣ የተሰባበረ ካሜራ፣ ወደ ካሜራው የሚወረወር የእሽቅድድም መኪና ጎማ የሚታይበት ፎቶ። ስለ ሰውየው አንድም ቃል አይነገርም። እኔ ዝም አልኩ። አባባ ግን «ፎቶ አንሺ ነው፤ ውድድር ሲያነሳ ነው የተሰበረው» አሉ። ፊልሙ ገና መጀመሩ ነው። በዚያች ሰዓት ስልክ ስትነካኩ ከነበረ የሰውየው ሕይወት አልፏችኋል። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት።

ከዚያ የኩሮሳዋ «ራሾሞን» (1950)። 88 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በ1951 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ ካገኘ በኋላ ነው ዓለም ለጃፓን ፊልም ዓይኑን የገለጠው። በጫካ ውስጥ አንድ ሳሙራይ ሞቷል፤ ሽፍታው፣ የሳሙራዩ ሚስት፣ በጠንቋይ አፍ የሚናገረው የሟች መንፈስና እንጨት ቆራጩ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይናገራሉ። ዳኛው አይታይም፣ ድምፁም አይሰማም፤ ምስክሮቹ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ነው የሚመሰክሩት። እውነተኛው የትኛው ነው ብላችሁ አትድከሙ። ይልቅ በቅጠል መሃል የሚያብለጨልጨውን ፀሐይ እዩ፤ ካሜራማኑ ካዙኦ ሚያጋዋ ካሜራውን በቀጥታ ወደ ፀሐይ ነው ያዞረው።

እንጨት ቆራጩን ልብ ብላችሁ ያዙት። ተዋናዩ ታካሺ ሺሙራ ይባላል። በ«ሰባቱ ሳሙራይ» የሳሙራዮቹ አለቃ እሱ ነው። በመካከሉ፣ በ1952፣ ኩሮሳዋ «መኖር» በተባለው ፊልም የቢሮ ሠራተኛ አድርጎታል። ለእኔ ከዘመኑ ፊልሞች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ልበል።

ፊልሙ የሚጀምረው በሆድ ራጅ ነው። ተራኪው ይህ የዋና ገጸ ባሕርያችን ጨጓራ ነው፣ ካንሰር አለበት፣ እሱ ግን ገና አላወቀም ይለናል። ከዚያ ዋታናቤን እናየዋለን፤ የፋይል ክምር መሃል ተቀምጦ ወረቀት ላይ ማኅተም ይመታል። አባባ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ያሳለፉ ሰው ናቸው። የወረቀቱን ክምር ሲያዩ ከተደገፉበት ቀና አሉ። ዋታናቤ መሳቢያውን ይከፍታል፤ ውስጡ አንድ የቆየ ሰነድ አለ፣ የቢሮውን አሠራር ስለማሻሻል ራሱ ያቀረበው ሐሳብ። አንድ ገጽ ይቀድድና የማኅተሙን ቀለም ጠርጎበት ይጥለዋል። ጥቂት ሰከንድ ነው። አባባ «አቁሚው» አሉኝ። አቆምኩት። ትንሽ ቆይተው «ቀጥይ» አሉ፤ ስለዚያ ሌላ ነገር አልተናገሩም። የአንድ ሰው ሠላሳ ዓመት በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ሲነገር ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ቀጥሎ የአንድ ሰፈር እናቶች ይመጣሉ። የቆሸሸው ውሃ ተደፍኖ ለልጆች መጫወቻ ይሁንልን ይላሉ። ይህ የእኛ ክፍል አይደለም፣ ወደዚያ ሂዱ ይባላሉ። እዚያም ይኸው ነው። ከክፍል ክፍል ሲንከራተቱ ቆይተው ተመልሰው መጀመሪያ የመጡበት መስኮት ይደርሳሉ። እዚህ ላይ ሰብታይትሉን አንድ በአንድ መተርጎም አያስፈልግም፤ እኔ ከሦስተኛው ቢሮ በኋላ ተውኩት፣ አባባ የቀረውን ራሳቸው እየጨረሱ ሄዱ።

ፊልሙ 143 ደቂቃ ነው። ከግማሽ በላይ ከሄደ በኋላ ዋታናቤ መሞቱ በድንገት ይነገርና የለቅሶው ምሽት ይጀምራል፤ ባልደረቦቹ መጠጥ እየጠጡ ምን ሰው እንደነበር ይከራከራሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ አለቀ ብሎ ይዘጋል። አትዝጉት። መጫወቻውን ማን እንዳሠራው፣ እንዴት እንዳሠራው የምናውቀው ከእነሱ ክርክር ነው፤ ወደ መጨረሻው ደግሞ በረዶ ሲወርድ ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ በፊልሙ ቀድሞ የሰማነውን ዘፈን የሚዘፍንበት ትዕይንት ይመጣል። ያን ዘፈን መጀመሪያ ሲዘፍነው ፊቱን አጥንታችሁ ያዙት፤ ሁለተኛው ላይ ያስፈልጋችኋል።

ከዚህ በኋላ «ሰባቱ ሳሙራይ» ይከብዳችኋል ብዬ አልሰጋም። ራሱ በመሃሉ የዕረፍት ሰዓት ያለው ፊልም ስለሆነ በሁለት ማታ ከፍላችሁ እዩት፤ ምንም አይጎድልበትም።

አሁን ወደ «ፓተር ፓንቻሊ» (1955)። ሳትያጂት ሬይ የማስታወቂያ ድርጅት ሠዓሊ ሆኖ እየሠራ በትርፍ ጊዜው የቀረጸው የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። የካሜራ ባለሙያው ሱብራታ ሚትራ ከዚያ በፊት የፊልም ካሜራ ይዞ አያውቅም። ሬይ ገንዘብ አልቆበት የባለቤቱን ጌጥ እስከ ማስያዝ ደርሷል፤ ቀረጻው እየቆመ እየተጀመረ ዓመታት ወስዷል፤ በመጨረሻ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ነው ያስጨረሰው። በነጭ አበባ በተሸፈነ የሳር ሜዳ ሁለት ልጆች ባቡር ለማየት የሚሮጡበት ዝነኛ ትዕይንት አለ። የመጀመሪያውን ቀን ቀርጸው በሳምንቱ ሲመለሱ አበባውን ከብት በልቶት ጠበቃቸው፤ አበባው እንደገና እስኪያብብ እስከ ቀጣዩ ወቅት መጠበቅ ነበረባቸው። ፊልሙን ስታዩ ይህ ስፌት አይታይም።

«የኋላ መስኮት» በዓይን ያስተማራችሁን ይህ ፊልም በጆሮ ያስተምራችኋል። ልጆቹ ባቡሩን ከማየታቸው በፊት የስልክ እንጨቱ ላይ ጆሯቸውን ጥደው ሽቦው ዝዝ ሲል ይሰማሉ። ወደ መጨረሻው እናትየው የምታለቅስበት ቦታ አለ፤ ምክንያቱን አልነግራችሁም። አፏ ሲከፈት የምንሰማው ድምፅ የእሷ አይደለም፤ የራቪ ሻንካር ማጀቢያ ሙዚቃ ውስጥ ያለ አንድ መሣሪያ በእሷ ምትክ ይጮኻል። ለእኔ የሚተረጎም ነገር አልነበረም። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ወይም በጆሮ ማዳመጫ እዩት፤ በስልክ ስፒከር ካያችሁት ይህ ትዕይንት ያመልጣችኋል።

መንገዱ ከረዘመባችሁ በመሃል ማረፊያ አስገቡ። የሳቅ ማታ ካስፈለጋችሁ «በዝናብ ውስጥ ስዘፍን» (1952)፤ ጭንቀት ከወደዳችሁ ናይትሮግሊሰሪን በሁለት የጭነት መኪና ስለሚያጓጉዙት አራት ሰዎች የሚተርከው «የፍርሃት ደመወዝ» (1953)። ዩሱፍ ሻሂን ያዘጋጀውና ራሱ አንካሳውን ጋዜጣ ሻጭ ሆኖ የተጫወተበት «የካይሮ ጣቢያ» (1958) ከሚገባው በታች የታየ ፊልም ነው እላለሁ። ከቪቶሪዮ ዴ ሲካ «ኡምቤርቶ ዲ.» (1952) ምንም ባይቀርላችሁ የእጁ ትዕይንት ይቅርላችሁ፦ ጡረተኛው ሽማግሌ ለመለመን መዳፉን ይዘረጋል፣ መንገደኛ ሊሰጠው ሲል ዝናብ መኖሩን የሚያጣራ መስሎ እጁን ይገለብጠዋል። ተዋናዩ ካርሎ ባቲስቲ በሙያው የቋንቋ ሊቅ ነበር።

ስለ ማስታወሻ አንድ ነገር። እኔ ለእያንዳንዱ ፊልም ያየሁበትን ቀን ጽፌ ከሳምንት በኋላ አንድ ምስል ብቻ እጨምርበታለሁ፤ ዓይኔን ስጨፍን ቀድሞ የሚመጣውን። ከአሥር ስንት የሚለውን ውጤት ትቼዋለሁ፤ ውጤቱን ዓመት ቆይቼ ሳየው ስለ ፊልሙ ምንም አያስታውሰኝም፣ «ማኅተም የተጠረገበት ወረቀት» የሚለው ግን ፊልሙን በሙሉ ይመልስልኛል። ከሳምንት በኋላ ምስል የማይመጣለት ፊልም ቢያስደስተኝም ከምወዳቸው ዝርዝር አይገባም። የምትወዷቸውን አሥር ፊልሞች ለመምረጥ ስትፈልጉ ይህን ሞክሩ።

አሁን «የቶኪዮ ታሪክ»ን ክፈቱ። 136 ደቂቃ ነው። አዛውንት ባልና ሚስት ከገጠር ከተማቸው ተነስተው ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ቶኪዮ ይሄዳሉ፤ ልጆቹ ሥራ በዝቶባቸዋል፤ በወጉ የምትንከባከባቸው ባሏ በጦርነት የሞተባት ምራታቸው ኖሪኮ ናት፤ ሴትሱኮ ሃራ ትጫወታታለች። ታሪኩ ይኸው ነው። ካሜራው ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው፣ መሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ከተቀመጠ ሰው ዓይን በታች፤ እና አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። በትዕይንትና በትዕይንት መሃል ሰው የሌለበት ምስል ይመጣል፦ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ፣ የተሰጣ ልብስ፣ ባቡር። መጀመሪያ ያስተኙኝ እነዚህ ነበሩ። አሁን ግን እያንዳንዳቸው ላይ የፊተኛውን ትዕይንት አስቡበት፤ ኦዙ የሰጣችሁ ጊዜ ለዚያ ነው። ሽማግሌውን የሚጫወተው ቺሹ ርዩ ያኔ ዕድሜው 49 ብቻ እንደነበር ደግሞ ፊልሙ ካለቀ በኋላ አስታውሱ።

መጨረሻው ላይ አዛውንቱ ብቻቸውን ቤት ተቀምጠው በእጃቸው ማራገቢያ ራሳቸውን ያራግባሉ። ጎረቤት በመስኮት በኩል ሰላም ትላቸዋለች። ከወደቡ የጀልባ ድምፅ ይሰማል። እኔ ሰብታይትሉን ለማንበብ አፌን ስከፍት አባባ «ተዪው ልጄ፣ ገብቶኛል» አሉኝ። ጽሑፉ አልቆ ስክሪኑ ከጨለመ በኋላም ጥቂት ተቀመጥን። ከዚያ «የሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ አታምጪ፤ ይህንኑ ድገሚልኝ» አሉ።